ከአበባው ሱቅ ደጃፍ ሁለት ሜትር

ዝናብ ሰውን ከማይፈልገው ሰው ጋር አንድ ጣራ ሥር ያስጠልላል። ኤምሼም ያን ቀን ወደ ፒሮሽካ የአበባ ሱቅ የገባችው ወዳ አልነበረም። የብስክሌቷ የኋላ ጎማ ተንፍሷል፤ ዝናቡ ከላይ ይወርድባታል፤ ስኳር የሚወጣበት ሥር ጭነው ወደ ስኳር ፋብሪካ የሚከንፉት ከባድ መኪኖች ደግሞ ባጠገቧ ባለፉ ቁጥር ጭቃ ያለብሷታል። በመቃብሩ መንገድ ላይ በሩ ክፍት የነበረው ይሄ ሱቅ ብቻ ነው። ብስክሌቷን እየገፋች ገባች።

ፒሮሽካ ቀና ብላ አየቻትና መልሳ ወደ ሥራዋ አቀረቀረች። የሙታን ቀን ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶታል። በዚያች ከተማ በሙታን ቀን አበባ ይዞ ወደ መቃብር የማይሄድ ሰው የለም፤ ያልሄደ እንደሆነ ጎረቤት ዓመቱን ሙሉ ያነሳበታል። ስለዚህ ሱቁ ከወለል እስከ መስኮት በነጭና በቢጫ የመቃብር አበባ ተሞልቷል። እሷም «አንረሳህም» የሚል ጽሑፍ ያለበትን የጉንጉን ሪባን በሜትር እየለካች ትቆርጣለች።

«ደህና ዋሉ እትዬ ፒሮሽካ።»

«እግርሽን ጥረጊ።»

«ጎማዬ ተንፍሶብኝ ነው።»

«ይተንፍስ። የሁሉም በተነፈሰና ባረፍነው።»

ኤምሼ የፒሮሽካ ባል የወንድም ልጅ ናት። ዋና ከተማ ሄዳ የመንገድ ሥራ ተምራ መጥታ ማዘጋጃ ቤት ተቀጥራለች። ከበጋ ወዲህ ፒሮሽካ ደህና ዋይ ብላት አታውቅም። ምክንያቱም ልጅቱ አንድ ዕቅድ አውጥታለች፦ በመቃብሩ መንገድ በአንደኛው ወገን ያለው የመኪና ማቆሚያ ሁሉ ይነሳ፣ በቦታው ሁለት ሜትር ስፋት ያለው የብስክሌት መንገድ በጠርዝ ድንጋይ ተለይቶ ይሠራ፣ ከባድ መኪኖችም ከተማውን ዞረው ይለፉ የሚል። ከሚነሳው ማቆሚያ አንዱ ደግሞ በፒሮሽካ ደጃፍ ያለው ነው። ፒሮሽካና ጎረቤቷ ሥጋ ሻጩ ቬንዴል በበኩላቸው ስልሳ ሰው አስፈርመዋል። የእነሱ ሐሳብ አጭር ነው፦ በዚህ መንገድ ላይ ብስክሌት የሚከለክል ምልክት ይተከል፤ አለቀ። ከሙታን ቀን በሦስተኛው ቀን ምክር ቤቱ ከሁለት አንዱን ይመርጣል።

ፒሮሽካ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግትር ናት እንጂ። ልጅቱ እየተንቀጠቀጠች ስትቆም አይታ እንዳላየች መሆን አልቻለችም። ከጓሮ በገንዳ ውሃ አምጥታ እግሯ ሥር አስቀመጠችላት።

«ጎማውን አውጪና ውሃው ውስጥ ንከሪው። አረፋ የሚወጣበት ቦታ ነው የተበሳው። አጎትሽ እንዲህ ነበር የሚያደርገው።»

አጎቷ አምብሩሽ፣ የፒሮሽካ ባል፣ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። የውሃ ሥራ ሠራተኛ ነበር። ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት የባቄላ ሾርባ በቆርቆሮ ሳህን ይዞ፣ በብስክሌት ወደ ሱቁ ይመጣ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ልክ በዚሁ ሳምንት፣ ሱቁ ሊደርስ አሥር እርምጃ ሲቀረው አንዱ ከባድ መኪና ገጨው። ከዚያ ወዲህ ፒሮሽካ የባቄላ ሾርባ ሠርታ አታውቅም።

ኤምሼ ጎማውን እየነከረች ዝም ማለት አቃታት።

«እትዬ፣ በእውነት ምልክቱ ይተከል ይላሉ?»

«እላለሁ። ብስክሌት ባይኖር አምብሩሽ ዛሬ እዚህ ነበር። ብስክሌት ነው የገደለው።»

«አጎቴ ወንዝ ሲሻገር ሰጥሞ ቢሆን ኖሮስ? መሻገር ይከልከል ይሉ ነበር ወይስ ድልድይ ይሠራ?»

«ማን ወንዝ ውስጥ ግባ አለው እል ነበር።»

ኤምሼ ሳቀች፤ ሳቋን ግን ቶሎ ዋጠችው። «እሺ፣ እማማ ዩሊሽስ?» አለች።

እማማ ዩሊሽ የአምብሩሽ እናት ናቸው፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ልጃቸው ከተቀበረ ጀምሮ ክረምት ከበጋ፣ የውሃ ማጠጫቸውን ከብስክሌቱ መሪ ላይ አንጠልጥለው በየቀኑ መቃብር ይሄዳሉ።

«መኪና አይነዱም» አለች ኤምሼ። «አውቶቡሱ በቀን ሁለቴ ነው። ጉልበታቸው መንገዱን በእግር አይችለውም፤ ብስክሌት ላይ ግን ይችላል። ምልክቱ ሲተከል እንግዲህ ወይ እየፈሩ ተደብቀው ይሄዳሉ፣ ወይ ቤት ይቀመጣሉ።»

«ቤት ይቀመጡ! ሰው ቤት ተቀምጦ አልሞተም።»

«ሞቷል እትዬ። አብዛኛው ሰው የሚሞተው ቤት ተቀምጦ ነው።»

ይህን ስትል በሩ ተከፈተና ቬንዴል በደም የተበከለ ሽርጡን እንዳሸረጠ ገባ። ፊርማው ያለበትን ወረቀት ይዟል። ኤምሼን ሲያይ እጁን አጨበጨበ።

«እሰይ! የመኪና ማቆሚያችን ሌባ እጅ ከፍንጅ ተያዘች!»

«እንደምን ዋሉ ጋሼ ቬንዴል።»

«አልዋልኩም። እንዴት እውላለሁ? ደንበኛዬ በመኪና ነው የሚመጣው። መኪና የሚያቆምበት ካጣ ገበያ አዳራሽ ሄዶ ይገዛል። ግማሽ አሳማ በብስክሌት ተጭኖ ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ግን በቀን ስንት ሰው ነው ግማሽ አሳማ የሚገዛዎት?»

ፒሮሽካ ሳታስበው ፈገግ አለች፤ የቬንዴል ደንበኞች ሁለት መቶ ግራም ቋሊማ አስመዝነው አንድ ሰዓት የሚያወሩ አሮጊቶች መሆናቸውን ታውቃለች።

«ምን ትስቂያለሽ?» አላት ቬንዴል። «አንቺም ያው ነሽ። የአበባ ማሰሮ በብስክሌት አይሄድም።»

«አይሄድም» አለች ፒሮሽካ ፊቷን አኮሳትራ። «የኔ ገዢ ሁሉ ባለ መኪና ነው። ሃያ ዓመት እዚህ ቆሜ አይቻለሁ።»

«ቆጥረው ያውቃሉ?» አለች ኤምሼ።

«ምን?»

«ገዢውን። ይቁጠሩት እትዬ። ሁለት ቆርቆሮ ያስቀምጡ። ከዛሬ ጀምሮ እስከ ሙታን ቀን ዋዜማ በመኪና ለመጣ ገዢ ባንዱ፣ በብስክሌትና በእግር ለመጣ በሌላው አንዳንድ ባቄላ ይጨምሩ። ባለ መኪናው ከበለጠ ዕቅዴን በገዛ እጄ እቀድዳለሁ። ካልበለጠ ደግሞ እርስዎ ፊርማዎን ያነሳሉ።»

«አትስሚያት» አለ ቬንዴል። «ይቺ የተማረች ናት፤ ቁጥሩን ታሳስትሽና ባቄላውን በላይሽ ላይ ታበቅልብሻለች።»

ይህን ባይላት ኖሮ ፒሮሽካ እምቢ ትል ነበር። ግን ያልተማርሽ ነሽና ትታለያለሽ ሲሏት አትወድም። «ባቄላ መቁጠር ዩኒቨርሲቲ አይጠይቅም» አለችና ሁለት ባዶ ቆርቆሮ ከመደርደሪያው አወረደች።

ኤምሼ ጎማዋን ጠግና ስትወጣ ከበሩ ላይ ዞር አለች። «እትዬ፣ የፖሊሱን ወረቀት አንብቤዋለሁ። የአጎቴን። እዚያ ላይ...»

የፒሮሽካ መቀስ ሪባኑ መሃል ላይ ቆመ።

«...ምንም አይደል» አለች ልጅቱ፤ ሄደች።

ነጋዴ የሚያየውን ነው የሚቆጥረው። መኪና ደጃፍ ላይ ቆሞ ስለሚውል ይታያል። ብስክሌት ግን ግድግዳ ተደግፎ ትንሽ ይቆይና ይሄዳል፤ ቦታ ስለማይዝ የመጣ አይመስልም። ፒሮሽካም በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ ባቄላ መጨመር ረሳች፤ ሁለቱንም ጊዜ ገዢዎቹ ባለ ብስክሌት ነበሩ። ተናደደችና ቆርቆሮዎቹን ዓይኗ ሥር አስጠጋቻቸው። ማጭበርበርማ አትወድም፤ ራሷንም ቢሆን።

አሮጊቶች በመሪያቸው ላይ ዘንቢል አንጠልጥለው መጡ። አንዱ ሽማግሌ ሦስት ማሰሮ ከኋላ መቀመጫው ላይ በገመድ አስሮ ሄደ። «አይወድቅም ወይ?» ብትለው፣ «ሚስቴን አርባ ዓመት እዚህ ላይ ጭኛታለሁ፤ እሷም አልወደቀችም» አላት። ባቄላው ጠብ፣ ጠብ ይላል። የባለ ብስክሌቱ ቆርቆሮ እየሞላ ድምፁ እየታፈነ ሄደ፤ የሌላው ግን እንደ ባዶ ነገር ይጮኻል።

በሦስተኛው ቀን ወደ ደጃፉ ወጥታ ማቆሚያዎቹን አየች። ሦስት ናቸው። በአንዱ የቬንዴል ነጭ መኪና ከንጋት ጀምሮ ቆሟል። በሁለተኛው የሌላው ጎረቤት፣ የመድኃኒት ሻጩ መኪና። በሦስተኛው አበባ የምታመላልስበት የራሷ የዕቃ መኪና ቆሟል፤ ጎማው ሥር ደረቅ ቅጠል ተከምሯል። ስልሳ ሰው ያስፈረሙለት የደንበኛ ማቆሚያ ደንበኛ የሚባል አቁሞበት አያውቅም። የሚያቆሙበት ራሳቸው ነበሩ።

ዋዜማው ሲመሽ ሁለቱንም ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠች። ባለ መኪናው አርባ አንድ። ሌላው መቶ ሰማንያ ስድስት። እንደገና ቆጠረች፤ ያው ነው። አንዲት ባቄላ እንኳ አልጨመረላትም።

ሰው ግን እውነት ባይኑ ፊት ተዘርግቶ እያለ ሌላ ምክንያት ይፈልጋል። ፒሮሽካ ባቄላውን ሰብስባ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና «ቢሆንም ብስክሌት ነው የገደለው» አለች፤ ለማንም አይደለም፣ ለመሳቢያው።

በሙታን ቀን ጠዋት ጭጋጉ ከቲሳ ወንዝ ተነስቶ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ቬንዴል ቀድሞ ቦታዋን ስለያዘባት ፒሮሽካ የዕቃ መኪናዋን አጋድማ፣ ጭራዋን ወደ መንገዱ አውጥታ አቆመቻት፤ ማሰሮዎቹን ለማውረድ ብላ። እማማ ዩሊሽ በብስክሌታቸው መጡ።

«ነጩን ስጪኝ። ትልቁን። ለሱ ቢጫ አይሆንም።»

«እማዬ፣ ዛሬ ጭጋግ ነው፤ እኔ ማታ አደርስልዎታለሁ።»

«እናት ለልጇ አበባ በሰው አትልክም» አሉና ማሰሮውን በዘንቢላቸው አስቀምጠው ወጡ።

ፒሮሽካ በመስኮቱ እያየች ነበር። አሮጊቷ የቆመውን መኪና ለማለፍ ወደ መንገዱ መሃል ዞሩ። ከጭጋጉ ውስጥ መብራት ወጣ። ከዚያ የፍሬን ጩኸት። ከዚያ የሸክላ ስብራት።

እንዴት ከሱቁ እንደወጣች አታውቅም። እማማ ዩሊሽ ቆመው አገኘቻቸው፤ ብስክሌታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ ነጩ አበባ ከከባዱ መኪና ጎማ ፊት በአፈር ተለውሷል። ሾፌሩ ከላይ ሆኖ ይሳደባል።

«ደህና ነኝ» አሉ አሮጊቷ። «እኔ እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ሁለቴ ነው የማየው። ዛሬ ጭጋጉ ነው እንጂ።» ከዚያ የዕቃ መኪናዋን ጭራ በመዳፋቸው ቀስ አድርገው መታ መታ አደረጉት። «ያን ቀንም እንዲሁ ነበር የቆመው።»

ፒሮሽካ ወደ መኪናዋ ጭራ ዞረች።

«ያውቃሉ?» አለች።

«ልጄ የወደቀበትን ቦታ ሳላይ የምቀር ይመስልሻል? በዚያው ቀን መጥቼ አየሁ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልተናገሩኝም።»

«ምን ልበልሽ? ብነግርሽ እሱ ይመለሳል? አንቺ ደግሞ አበባ ማውረድ ነበረብሽ፤ መኪናውን የት ታቆሚው? እሱም ማለፍ ነበረበት፤ በየት ይለፍ? መንገዱ ለሁላችሁም ቦታ ሰጥቷል፤ ለሱ ብቻ ነፈገው።» አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ከአፈሩ ውስጥ አንድ ያልተሰበረ ዘለላ አነሱ። «በይ ሌላ ማሰሮ ስጪኝ። ይሄ የሚሆን አይደለም።»

ፒሮሽካ ማሰሮውን አልሰጠቻቸውም። ራሷ ይዛ፣ ሱቁን በሙታን ቀን ክፍት ጥላ፣ ከጎናቸው በእግሯ እየሄደች እስከ መቃብር አደረሰቻቸው። እሳቸው በብስክሌቱ ቀስ እያሉ፣ እሷ በመንገዱ በኩል ሆና።

በምክር ቤቱ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ቬንዴል ከፊት ተቀምጦ ለፒሮሽካ ወንበር ይዞላታል። እሷ ግን አልተቀመጠችም። ሁለቱን ቆርቆሮ ይዛ ገብታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው።

«እኔ ትምህርት የለኝም» አለች። «ስለዚህ አላስረዝምም። ይሄ ባለ መኪና ገዢዬ ነው። ይሄ ደግሞ ሌላው። ያመነ ይመን፣ ያላመነ ይቁጠር። ማቆሚያው ለደንበኛ ነው ብለን አስፈርመናችኋል። ውሸት ነው። የምናቆምበት እኛ ነን። እኔና ቬንዴል።»

«ኧረ ፒሮሽካ! በስንት ገዙሽ?» ብሎ ጮኸ ቬንዴል።

«ቆይ አልጨረስኩም። ብስክሌት ባሌን ገደለው ስላችሁ ኖሬያለሁ። ያን ቀን መኪናዬን ጭራዋን አውጥቼ አቁሜ ነበር። እሱ እሷን ሊያልፍ ወደ መንገዱ ወጣ። የፖሊሱ ወረቀት ላይ አለ። ይቺ ልጅ አንብባው ነበር፤ ልታሸንፈኝ ስትችል አላወጣችውም። ብስክሌት ገደለው ያልኩት ሌላውን ማለት ስላቃተኝ ነው።»

ቬንዴል ሽርጥ ስላላሸረጠ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። አምብሩሽ የሞተ ቀንም የፒሮሽካን ቦታ ይዞባት የነበረው የሱ መኪና መሆኑን እሱም አስታውሷል።

አንድ ሽማግሌ የምክር ቤት አባል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው እመቤት። ነገር ግን ምልክቱ ቢተከል ማንም አይገጭም፤ ወጪውም ትንሽ ነው።»

«አማቴ ያልፋሉ» አለች ፒሮሽካ። «ምልክቱ ቢኖርም ያልፋሉ። ልጃቸው እዚያ ነዋ። እናንተ ምልክቱን ስትተክሉ እሳቸውን አላዳናችሁም፤ የሞቱ እንደሆነ ጥፋቱ የሳቸው ነው እንድትሉ ነው የምትዘጋጁት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ለአንዱ ተቃጥሏል፤ ለሌላው ግን ገና ነው።»

ኤምሼ ተነስታ ስለ ዕቅዱ ስትናገር እንደ ፒሮሽካ አጭር አልነበረችም፤ መማር ያስረዝማል። ግን ያለችው ሁሉም ገባው። መንገድ ላይ ቀለም መቀባት ብቻ አይበቃም፤ ቀለም መኪና አያቆምም፤ ጠርዝ ድንጋይ ያስፈልጋል። መንገዱ መሃል ላይ ከተቋረጠም ግማሽ ድልድይ ማለት ነው፤ ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ ተነስቶ ሳይቆረጥ መቃብር ይድረስ። አበባና ሥጋ የሚያወርድ መኪና ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት ከጎን ባለው ቅያስ ይቁም። ሰው ብስክሌቱን የሚያስርበት ብረትም በየሱቁ ደጃፍ ይተከል። «ሰውን በብስክሌት ሂድ ብሎ መምከር ከንቱ ነው» አለች። «ሳይፈራ የሚሄድበት ከተሰጠው ሳይመከር ይሄዳል።»

ዕቅዱ በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ። ማንም አላጨበጨበም።

መንገዱ ተሠርቶ የተከፈተው በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ ነው። ዛሬ ከባድ መኪኖቹ በውጭ በኩል ይዞራሉ። የፒሮሽካ መስኮት አይንቀጠቀጥም፤ አበባዋም አቧራ አይለብስም። ልጆች ያለ አባት አጀብ በብስክሌት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ከቤት ወጥተው የማያውቁ አሮጊቶች ቋሊማ ሊያስመዝኑ ብቅ ብቅ ብለዋል፤ ቬንዴልም በደጃፉ የብስክሌት ማሰሪያ ብረት አስተክሎ፣ ሐሳቡ ከመጀመሪያው የሱ እንደነበረ ለገዢው ሁሉ ያወራል። ፒሮሽካ ሰምታ አታርመውም። ሰው ከተመለሰ በየት በኩል ተመለስክ አይባልም።

እማማ ዩሊሽ ግን አላዩትም። በየካቲት ብርድ ሳንባቸውን ይዟቸው፣ ከልጃቸው አጠገብ ተቀብረዋል። ብስክሌታቸው ከነውሃ ማጠጫው ፒሮሽካ ጓሮ ነው።

ጠርዝ ድንጋዩ የተደረደረ ቀን፣ ሠራተኞቹ ምሳ ሊበሉ ሲሄዱ፣ ፒሮሽካ የጉንጉን ሪባኑን ጥቅል ይዛ ከሱቅ ወጣች። የሪባኑን ጫፍ ከግድግዳው በኩል ለኤምሼ አስያዘቻትና መኪናዋ ትቆምበት በነበረው ቦታ ላይ እስከ አዲሱ ድንጋይ ድረስ ዘረጋችው። ሪባን መለካት ሥራዋ ነው፤ አትሳሳትም።

«ሁለት ሜትር» አለች። «ለሱ የጎደለው ይሄን ያህል ብቻ ነበር?»

«አዎ እትዬ» አለች ኤምሼ። «ይሄን ያህል ብቻ።»

ፒሮሽካ ሪባኑን መልሳ ጠቀለለችው። ከበሩ ላይ አንዲት ሴት ብስክሌቷን ተደግፋ ነጭ አበባ ልትገዛ እየጠበቀች ነበር፤ ልታስተናግዳት ገባች።